ቅድሚያ ለማን? ስለ ቀኝ እጅ ደንብና ስለ መርካቶ መስቀለኛ መንገዶች የቀረበ አጭር ትችት

ደንብ ሁሉ ሲወጣ አንድ ሥዕል በአእምሮው ይዞ ነው። ስለዚህ ደንቡን ሊተች የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሥዕሉን መመልከት ይገባዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ደንብ፣ ፖሊስ፣ መብራት ወይም ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ሲደርሱ፣ ከቀኝ ለመጣው ቅድሚያ ይሰጠው የሚለው ነው። ሥዕሉም መኪና መንዳት የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ነጭ ወረቀት፣ በቀጥታ የሚቋረጡ ሁለት መንገዶች፣ ሁለት ትናንሽ አውቶሞቢሎችና አንድ ቀስት። በወረቀቱ ላይ ዝናብ አይዘንብም፤ ምሽትም አይመሽም። በጥጉ ላይ የተከመረ ዕቃ የለም። ሰውም የለም።

የመርካቶ ጥግ ከዚህ ሥዕል ጋር አይመሳሰልም። ላስረዳው የምፈልገውም ነገር ይኸው ነው፦ የቀኝ እጅ ደንብ የዐይን ደንብ ነው፤ ዐይን በማይሠራበት ጥግ ላይ ለነጂ የሚሰጠው ቅድሚያ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቅድሚያ ነው፤ የዚህንም ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው በሥዕሉ ላይ ያልተሣለው ሸክም ተሸካሚ ነው።

1. የደንቡ ውለታ

ደንቡን ከመንቀፍ በፊት ውለታውን መቁጠር ተገቢ ነው። ቀኝ ከግራ የሚበልጥበት የተፈጥሮ ምክንያት የለም። አገራችን ራስዋ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ግራዋን ይዛ ስትነዳ ኖራ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ መዛወርዋ ይህን በግልጽ ያሳያል። የደንቡ ኀይል ስምምነት መሆኑ ነው። ስምምነት ባይኖር ኖሮ አስቀድሞ የሚያልፈው ትልቁ፣ ፈጣኑ ወይም ደፋሩ ይሆን ነበር። ደንቡ ግን የመኪናውን ዋጋ ወይም የባለቤቱን ማዕረግ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመጣበትን ወገን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በደጃፍ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ» እየተባባለ በሚቆምበት አገር፣ ማዕረግን የማይጠይቅ የቅድሚያ ደንብ መኖሩ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ደግሞም ደንቡ ከመጀመሪያው ያለ ጠባቂ አልወጣም። በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በ18ኛው አንቀጹ ስለ ቀኝ ከመናገሩ በፊት፣ ወደ መስቀለኛ መንገድ የሚቀርብ ነጂ ሁሉ ለቦታው ሁኔታ የሚስማማ ልዩ ጥንቃቄ እንዲያደርግና ቅድሚያ ያለውን ለማሳለፍ ማቆም በሚችልበት ፍጥነት እንዲነዳ ያዛል። በ13ኛው አንቀጽም ነጂ ወደ ፊት ሊያይ በሚችለው ርቀት ውስጥ ማቆም እንዲችል ይጠይቃል። እንግዲህ የትእዛዙ ተራ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እይ፤ ቀጥሎ ፍጥነትህን በምታየው ልክ አድርግ፤ ከዚያ በኋላ ለቀኝ አሳልፍ።

ችግሩ በትምህርትና በአፈጻጸም ጊዜ ተራው መገልበጡ ነው። ለፈተና የሚያጠና ሰው በቃሉ የሚይዘው ቀስቱን ነው። አደጋ ከደረሰም በኋላ በመዝገብ ላይ ከምናገኛቸው ታዋቂ ምክንያቶች አንዱ «ቅድሚያ መከልከል» ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 እና በ2009 ዓ.ም. እርሱን ያሻሻለው ቁጥር 395 የነጂን ጥፋት በእርከን ከፍለው ቅጣት ወስነውለት ነበር። «ከለከለ» የሚለውን ቃል ግን ልብ ብለን እንመልከተው። ከለከለ የሚባለው ባለመብቱን እያየ መብቱን የነፈገ ሰው ነው። ያላየው ሰው ምን ከለከለ? ሊያይ የማይችልበትን ጥግ ማን ሠራው? መዝገቡ ይህን አይጠይቅም።

2. የመርካቶ ጥግ እንዴት ያለ ነው?

እንደሚታወቀው፣ ፋሽስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘችባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአገሬው ገበያ በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈር የተነደፈውም ቀጥ ባሉና በማእዘን በሚቋረጡ መንገዶች ነው። ይህን ዐይነት ንድፍ በካርታ ላይ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሆኖም መንገድ በበዛ ቁጥር መስቀለኛው ይበዛል፤ ለያንዳንዱም መስቀለኛ ፖሊስ ወይም መብራት ማቆም አይቻልም። ስለዚህ መርካቶ ከጥንስሱ ጀምሮ በቀኝ እጅ ደንብ ላይ እንዲደገፍ ሆኖ የተሠራ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ጥጎች ላይ እይታን የሚጋርዱት ነገሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ዕቃው ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ቦምብ ተራ የሚሄድ ሰው፣ መስቀለኛው መንገድ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚያይ ያስተውል። ቦንዳ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ቁልል፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ ለመራገፍ የቆመ አይሱዙ። ጥግ ለነጋዴ ከሁለት መንገድ ደንበኛ የሚጠራበት ምርጥ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ለነጂ እጅግ ባዶ መሆን የሚገባው ቦታ ለነጋዴ እጅግ የሚፈለገው ቦታ ሆነ።

ሁለተኛው አየሩ ነው። በክረምት ዝናቡ ሲወርድ ነጋዴው ዕቃውን ለማዳን ሸራውንና ላስቲኩን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ የመኪናው መስታወት በውሃ በሚታወርበት በዚያው ሰዓት ጥጉም መጋረጃ ይለብሳል። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ደግሞ ምሽቱ አጭር ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል። ጨለማው ለአንዳንዱ ነገር ይረዳል፤ የሚመጣው መኪና ሳይታይ የመብራቱ ጮራ በግድግዳው ላይ ይቀድመዋል። ነገር ግን ተሸካሚው፣ የእጅ ጋሪውና አህያው የሚቀድማቸው ጮራ የላቸውም።

ሦስተኛው መኪናው ራሱ ነው። በአገራችን መሪው በግራ ወገን ነው። በሚኒባስ ታክሲ ጋቢና ሁለት ተሳፋሪዎች በነጂው ቀኝ ይቀመጣሉ። ደንቡ «ወደ ቀኝ ተመልክተህ አሳልፍ» ይላል፤ ነጂው ግን ወደ ቀኝ ሲመለከት አስቀድሞ የሚያየው የሁለት ሰዎችን ጉንጭ ነው። ቀኙን ይዞ የሚሄድ ነጂ ለቀኙ ጥግ ቅርብ ስለሆነም በዚያ የተከመረው ዕቃ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጋርደዋል። በትንሽ አውቶሞቢል ደግሞ ነጂው ከመኪናው አፍንጫ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ዐይኑ ወደ ተሻጋሪው መንገድ ከመድረሱ በፊት አፍንጫው ደርሷል። ደንቡ ከሁሉ አስበልጦ እንዲታይ ያዘዘው ወገን ከሁሉ ይልቅ የማይታየው ወገን ሆነ ማለት ነው።

3. ጥቂት ስሌት

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክስ «ሹፌሮቻችን ሥነ ምግባር የላቸውም» የሚል ነው። ይህ ክስ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ይሁን እንጂ ሥነ ምግባሩ የተመሰከረለት ነጂ እንኳ ሊፈጽመው የማይችለው ትእዛዝ ካለ፣ ጥያቄው የሥነ ምግባር መሆኑ ይቀራል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ብቻ ይፈጅበታል እንበል፤ አስፋልቱም ርጥብ ስለሆነ ጎማው መንገዱን የመያዝ ኀይሉ ከክብደቱ 4 ዐሥረኛ ያህል ነው እንበል። በዚህ ስሌት መኪናው የሚቆመው ወደ 17 ሜትር ገደማ ሄዶ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ወደ 10 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ ወደ 4 ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለቀኝ ማሳለፍ የሚችለው ጥጉ 17 ሜትር ያህል ከሁለቱም ወገን ተከፍቶ ሲታየው ነው፤ ይህ ማለት በጥጉ ዙሪያ ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ ይነሡ ማለት ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ለሚነዳው ግን ጥቂት እርምጃ የሚሆን ባዶ ቦታ ይበቃዋል። ስለዚህ ፍጥነትና የገበያ ቦታ በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ከፍጥነት የቀነስነውን ያህል ለነጋዴው ሜትር እንመልስለታለን። እስካሁን ጥግ የያዘውን ነጋዴ ማስነሣትና ነጂውን መቅጣት እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ሲታዩ ኖረዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሒሳቡ አንድ ነው፤ ሒሳቡም ሁልጊዜ በድሀው ነጋዴ ላይ ብቻ እንዲወራረድ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

4. በሥዕሉ ላይ የሌለው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመርካቶ ጥግ ላይ የሚገናኙት ሁለት አውቶሞቢሎች ብቻ አይደሉም። ቦንዳ በጀርባው ያዘለ ተሸካሚ፣ ጆንያ የደረደረ ጋሪ ገፊ፣ ወደ እህል በረንዳ የሚነዱ አህዮች፣ ልጅዋን ያዘለች ገበያተኛ በአንድ ጥግ ላይ ይገናኛሉ። በከተማችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ነው።

ተሸካሚው ከእግረኛ ሁሉ የተለየ ነው። ሸክሙ አንገቱን ስለሚደፋው የሚያየው እግሩ የሚያርፍበትን መሬት ብቻ ነው፤ «ቀኝና ግራህን ተመልክተህ ተሻገር» የሚለው ትምህርት ለእርሱ አይሠራም። በድንገት ቁም ቢሉትም አይችልም፤ እርሱ ቢቆም ሸክሙ አይቆምለትም። ባዶውን የሚሄድ ሰው ሸክም ለያዘ መንገድ እንዲለቅ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። የአስፋልቱ ደንብ ግን ይህን ጨዋነት አያውቀውም።

ሕግ ተሸካሚውን ጨርሶ አልረሳውም። የቪየናው ስምምነት በ20ኛው አንቀጽ፣ ግዙፍ ዕቃ የተሸከመ ወይም የሚገፋ እግረኛ በእግረኛ መንገድ ላይ ቢሄድ ሌሎችን እጅግ የሚያውክ ከሆነ በተሽከርካሪው መንገድ መሄድ እንደሚችል ይፈቅዳል። ነገር ግን ወደ መስቀለኛው ሲደርስ የ18ኛው አንቀጽ የቀኝ ደንብ የሚናገረው ስለ ተሽከርካሪ ነው። ሰውየው ወደ አስፋልቱ እንዲወርድ ተፈቀደለት፤ በመስቀለኛው ላይ ግን ተራው ሳይነገረው ቀረ።

ይህን ማስተካከል የማይቻል አይደለም። በኔዘርላንድ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣ ብስክሌተኛ ለባለሞተሩ ማሳለፍ ነበረበት፤ ቀኝነቱ አይቆጠርለትም ነበር። በዚያ ዓመት ደንቡ ተለውጦ የብስክሌተኛው ቀኝ እንደ መኪናው ቀኝ ተቆጠረ። የቪየናው ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ፣ በጠባብ ተራራማ መንገድ ላይ ቁልቁል የሚወርደው ለሚወጣው እንዲያሳልፍ ሲያዝ የተቀበለው አንድ መርሕ አለ፦ ቆሞ እንደገና መነሣት ለሚከብደው ይታሰብለት። በመርካቶ ጥግ ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት ከተሸካሚው ይልቅ የሚከብደው ማን ነው?

5. ገበያው ለራሱ ያወጣው ሥርዓት

የቀኝ ደንብ በራሱ ላይ የሚታጠፍበት ሁኔታም አለ። ከአራቱም ማእዘን አራት መኪናዎች በአንድ ጊዜ ቢደርሱ ለያንዳንዱ በቀኙ ሌላ አለ፤ ሁሉም ደንቡን ቢያከብሩ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ይህ በመጽሐፍ ላይ እንደ ቀልድ የሚነገር ሲሆን በመርካቶ ግን በሥራ ቀን የሚታይ ነው። ያን ጊዜ ወያላው ከበሩ ዘሎ ይወርዳል፤ በመኻል ቆሞ አንዱን «ና፣ ና» ሌላውን «ቆይ» እያለ መንገዱን ይፈታዋል። ተሸካሚውም ገና ከጥጉ ሳይወጣ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ድምፁን ያስቀድማል።

እነዚህን ነገሮች ሥርዓት የለሽነት ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ዐይን በማይሠራበት ቦታ ሰዎች በጆሮና በእጅ ምልክት የሠሩት ሌላ ሥርዓት አድርጌ አያቸዋለሁ። ወያላው ነጂው ሊያይ የማይችለውን ያይለታል፤ የተሸካሚው ጩኸትም እርሱ የሌለው መብራት ነው። ይህን ሥርዓት እስከ መጨረሻው ላወድሰው ግን አልችልም። የጡሩምባው ጩኸት በበዛበትና ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰዓት የሰው ድምፅ ይዋጣል፤ ወያላ የሌለበት መኪናም ብዙ ነው። የሆነ ሆኖ ደንብ አውጪው ከዚህ የሚማረው አለ፦ በማይታይ ጥግ ላይ ሰዎች በተግባር የሚሠሩበት ሕግ «ከቀኝ የመጣ ይለፍ» የሚል ሳይሆን «ሁሉም ይቁም፣ ይተያይ፣ ከዚያ ይለፍ» የሚል ነው።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎችና አንድ ሐሳብ

አንድ መምህር «ደንብ ቀላል ካልሆነ አይጠበቅም፤ ልዩ ሁኔታ በጨመርክበት ቁጥር ነጂው ይምታታል» ብለው ሊቃወሙኝ ይችላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን እኔ የምለው የቀኝ ደንብ ይሻር አይደለም፤ ከዐይን በታች ይቀመጥ ነው። «ካላየህ ቅድሚያ የለህም» የሚለው ትእዛዝ ከቀስቱ ይልቅ ቀላል ነው፤ ሥዕልም አያስፈልገውም። እንዲያውም አደገኛው ሰው ከቀኝ የመጣውና መብቱን የሚያውቀው ነው፤ ፍጥነቱን የማይቀንሰው ደንቡ ከእርሱ ጋር ስለሆነ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በመርካቶ ጥግ ላይ ግን ቸኩሎ የሚያፈሰው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው።

ሌላው «በየጥጉ መብራት ይተከል» ሊል ይችላል። መብራት ለትላልቆቹ መገናኛዎች ይበጃል። ሆኖም ኤሌክትሪክ ሲጠፋ መስቀለኛው ወደ ቀኝ ደንብ ይመለሳል፤ አንገቱን የደፋ ተሸካሚም ቀና ብሎ መብራት አያይም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከነጋዴው የሚመጣ ነው፤ «ጥጉ እንጀራዬ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን የተዘጋ ጥግ ለነጋዴውም ጠላት የሚሆንበት ቀን አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ ከባድ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት እሳቱን ለማጥፋት እንቅፋት መሆናቸው ተነግሯል። የእሳት አደጋ መኪና በሕግ ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ሆኖም የሚያልፍበት ቦታ ከሌለ ቀዳሚነቱ ምን ይረባዋል? የቅድሚያ መብት ያለ ባዶ ቦታ አይሠራም።

እንግዲህ ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። በመርካቶ ውስጥ ባሉት፣ ተቆጣጣሪ በሌላቸው መስቀለኛ መንገዶች ላይ ነጂ ሁሉ በእግረኛ ርምጃ ልክ እንዲቀርብና ካላየ እንዲቆም ይታዘዝ፤ ለዚህም የሚረዳ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከጥጉ በፊት ይሠራ። ከያንዳንዱ ጥግ ጥቂት እርምጃ የሚሆን ቦታ በቀለም ተለይቶ፣ ዕቃም ሸራም ሳይገባበት ይጠበቅ፤ ቦታው የተነካበት ነጋዴም እዚያው መንገድ ላይ ከጥጉ ራቅ ብሎ ምትክ ይሰጠው። ሸክም የያዘ ሰውና የእጅ ጋሪ በእነዚህ ጥጎች ላይ ከየትኛውም ወገን ቢመጡ ቅድሚያ እንዲያገኙ በግልጽ ይጻፍ። ለነጂ ማሠልጠኛም አዲስ ሥዕል ይሣል፤ በሥዕሉ ላይ ዝናብ፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሸራና ቦንዳ ያዘለ ሰው ይኑሩበት።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት የተጻፈ አይደለም። የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ጥጎቹን በሜትር ቢለኩ፣ የሕግ ተማሪዎችም «ቅድሚያ መከልከል» የሚለውን ቃል ከማየት ግዴታ ጋር አገናኝተው ቢመረምሩት ጥናቱ የተሟላ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ደንባችን መብትን ለቀኝ ሰጥቶ ማየትን ለዕድል እንደተወ ይቆያል፤ ዕድሉ ሲከዳም በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የነጂው ጥፋት ብቻ ነው።